ኮምቦልቻ ያለው የላንድሮቨር ጋራዥ፦ «ይገባል» እና «ይሠራል» የሚለይበት ቤት

አሮጌ ላንድሮቨር ያላችሁ ሰዎች ይህን አንብቡልኝ። ደሴ ሁኑ ሐይቅ፣ ከሚሴ ሁኑ ወረኢሉ፣ መኪናችሁን አስጭናችሁ አዲስ አበባ ከመላካችሁ በፊት ኮምቦልቻ ጎራ በሉ። እዚያ ስላለ አንድ ጋራዥ ነው የምጽፈው። ታፔላ የለውም። ከዋናው አስፋልት ወደ ቦርከና ወንዝ በሚወስደው ቅያስ ገብታችሁ «የላንድሮቨሩ ጋራዥ» ካላችሁ የባጃጅ ሹፌሮቹ ያደርሷችኋል። የቆርቆሮ አጥር አለው። ውስጡ ሞተር የሌላቸው ሻንሲዎች፣ የተደረደሩ በሮች፣ ዘይት የጠጣ መሬት ነው። ላላወቀው ሰው የብረት ክምር ይመስላል። ባለቤቱ ግን እያንዳንዷ ብረት ከየትኛው ሞዴል እንደወጣች በቃላቸው ያውቃሉ። ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው።

የኔዋ ሲሪስ 2ኤ የሚባለው የድሮ ላንድሮቨር ሞዴል ናት፣ አጭሯ (ሻንሲው አጭርና ረጅም አለ)፣ ቤንዚን። አባቴ ከሐራጅ ነው የገዛት። ቀለሟ ሲፋቅ ከሥር የሚወጣው አረንጓዴ ወታደር ቤት እንዳገለገለች ይናገራል። ደሴ ነው የምኖረው፣ መኪናዋን ደግሞ ለጌጥ አይደለም የያዝኳት፣ ትሠራለች፣ ገጠር ትወጣለች፣ እህል ትጭናለች። ስለዚህ መለዋወጫ የኔ የዘወትር ጉዳይ ነው።

የዚህ መኪና ጣጣው ምን መሰላችሁ፣ ሁሉም መመሳሰሉ ነው። ሲሪስ 2 የወጣው በ1958 ነው፣ 2ኤ በ1961፣ ሲሪስ 3 ደግሞ በ1971 መጥቶ እስከ 1985 ተሠርቷል (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። ከሩቅ ላየ ሰው አንድ መኪና ናቸው። የፊት መብራቱ በ1960ዎቹ መጨረሻ ከመሐል ወደ ፓራፋንጎው ሄደ፣ ሲሪስ 3 ላይ የፊቱ ፍርግርግ ፕላስቲክ ሆነ፣ የፍጥነትና የነዳጅ ሰዓቶቹም ከመሐል ወደ ሹፌሩ ፊት መጡ። ከዚህ ያለፈውን ልዩነት የሚያውቀው ጥቂት ሰው ነው። ስለዚህ ነጋዴው «ይሄ የላንድሮቨር ነው» ብሎ ይሸጥልሃል፣ መካኒኩም ቡሎኑ እስከገባለት ድረስ ያስረዋል፣ አንተም ከፍለህ ትወጣለህ። ጣጣው የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው፣ ብዙ ጊዜ ደግሞ ቁልቁለት ላይ።

ጋሼ የሚለዩት እዚህ ጋ ነው። መኪናዋን ስታስገቡ መጀመሪያ የሚጠይቁት ምን እንደተበላሸ አይደለም። «የምታድረው የት ነው?» ይላሉ። «ምን ትጭናለህ? በየት በኩል ነው የምትሄደው?» ከዚያ የሻንሲ ቁጥሯን ያያሉ፣ ከሥር ይገባሉ፣ ቀድሞ ማን ምን እንደቀየረባት ያጣራሉ። እንዲህ ባሉ መኪኖች ላይ ይሄ ግማሽ ሥራ ነው። ከፊት 2ኤ፣ ከመሐል ሲሪስ 3፣ ከኋላ ምን እንደሆነ የማይታወቅ መኪና ስንት አለ።

ከካምቢዮው ልጀምር። የ2ኤ ካምቢዮ አንደኛና ሁለተኛ ማርሽ ላይ ሲንክሮ (ማርሹ ሳይጮህ እንዲገባ የሚያደርገው) የለውም፣ ሦስተኛና አራተኛ ላይ ብቻ ነው ያለው። ወደ ሁለተኛ ለመመለስ ፍሪሲዮን ሁለቴ መርገጥና ነዳጅ በመሐል መስጠት ግድ ነው፣ አለበለዚያ ይጮሃል። ሲሪስ 3 ላይ ግን ወደፊት የሚሄዱት ማርሾች ሁሉ ሲንክሮ አላቸው። ስለዚህ ሁሉም ሰው የ3ን ካምቢዮ 2ኤ ላይ ማስገባት ይመኛል። ይገባል ወይ? ይገባል። ግን ከነደወሉ (ካምቢዮውን ከሞተሩ ጋር ከሚያያይዘው ቤት ጋር) ነው መምጣት ያለበት፣ ምክንያቱም የፍሪሲዮኑ መግፊያ አሠራር ተቀይሯል። 2ኤ ላይ የታችኛው የፍሪሲዮን ፖምፓ ለብቻው ሆኖ በዘንግ በኩል ነው የሚገፋው፣ ሲሪስ 3 ላይ ደወሉ ላይ ሆኖ በቀጥታ ሹካውን ይገፋል። ስለዚህ ፖምፓውም ቱቦውም አብሮ ይቀየራል። የፍሪሲዮን ዲስኩም ሌላ ነው፣ የሲሪስ 3 ዘጠኝ ተኩል ኢንች ሲሆን ብዙዎቹ 2ኤ ዘጠኝ ኢንች ናቸው። አንዱን ከፍለህ ሌላውን ረስተህ ከመጣህ ካምቢዮው ሁለቴ ይወርዳል ማለት ነው። ጋሼ ይህን ሁሉ ቀድመው ነው የነገሩኝ፣ ካምቢዮውን ከመግዛቴ በፊት። የሚያስፈልገውን እቃ በአንድ ቁራጭ ካርቶን ላይ ጻፉልኝና «ይሄ ሁሉ ካልተሟላ አትምጣ» አሉኝ። አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ፣ የመለዋወጫ ገበያው ያለ ጓደኛዬ ፈልጎ ላከልኝ፣ ገባ፣ እስከዛሬ ድምፅ የለውም።

አሁን ወደ ዲፈረንሻሉ ልምጣ፣ እውነቱን ለመናገር ይህን ጽሑፍ የምጽፈው በሱ ምክንያት ነው።

የሲሪስ ዲፈረንሻል 4.7 ነው። ካርዳኑ፣ ማለትም ከካምቢዮው ወደ ዲፈረንሻሉ የሚሄደው ዘንግ፣ 4.7 ጊዜ ሲዞር ጎማው አንድ ጊዜ ይዞራል። ሌሎቹ ላንድሮቨሮች፣ ሬንጅ ሮቨርም ዲፌንደርም፣ ብዙዎቹ 3.54 ናቸው። የሬንጅ ሮቨሩ አሮጌ ዲፈረንሻል ሲሪስ ላይ ያለ ብየዳ፣ ያለ ቶርኖ ይገባል፣ የሴሚያሱ (ከዲፈረንሻሉ ወደ ጎማው የሚሄደው ዘንግ) ጥርስ አሥር እስከሆነ ድረስ። ኋላ የመጣው ባለ 24 ጥርስ ግን የድሮውን ሴሚያስ አይቀበልም። ሲገባ ምን ይሆናል፣ መኪናዋ በአንድ ሦስተኛ ገደማ ትፈጥናለች፣ ሜዳ ላይ ሞተሩ አይጮህም። ይሄ ደስ ይላል። ግን ኃይሉም በዚያው ልክ ይቀንሳል።

ከዓመታት በፊት ሌላ ከተማ ያለ አንድ ጋራዥ የኋላው ዲፈረንሻል ሲያልቅብኝ «ያው ነው» ብሎ 3.54 አስገባልኝ። ከኋላ ብቻ። የፊቱ 4.7 እንዳለ ቀረ። ደረቅ አስፋልት ላይ በሁለት ጎማ ስትነዳ ምንም አታውቅም። ክረምት መጥቶ ጭቃ ውስጥ አራቱን ጎማ ስታስገባ ግን የፊቱና የኋላው በተለያየ ፍጥነት መሄድ ይፈልጋሉ፣ ሁለቱን የሚያስታርቅ መካከለኛ ዲፈረንሻል ደግሞ ሲሪስ የለውም። ከዚያ ወይ ጎማው ይንሸራተታል፣ ወይ ሴሚያስ ይሰበራል፣ ወይ ማርሹ ተቆልፎ አልወጣ ይላል። እኔ ላይ ሴሚያሱ ነው የሄደው። ይህን ሥራ የሠራው ሰው ገንዘቤን ተቀብሎ «መልካም መንገድ» ብሎኛል፣ አሁንም ሳስበው ይቆጨኛል፣ ምክንያቱም ያንን አለማወቅ በሰው ሕይወት መጫወት ነው።

ጋሼ መኪናዋን አንሥተው የኋላውን ጎማ በእጃቸው እያዞሩ ካርዳኑ ላይ ባሰመሩት ኖራ ስንት ጊዜ እንደዞረ ቆጠሩ። ከፊትም እንደዚያው። ሌላ መሣሪያ የለም። ልዩነቱን አሳዩኝ፣ ልጆቻቸውን ጠርተው ለነሱም አሳዩ። እኔ ፊቱንም 3.54 አድርገን እናመሳስለው አልኳቸው፣ ዋጋው ስለሚቀንስ። አልተስማሙም። «ልጄ፣ አንተ የምታድረው ደሴ ነው። ሐረጎን ጭነህ በሁለተኛ ማርሽ የምትወጣው በ4.7 ነው። በ3.54 አንደኛ ላይ ትቀራለህ፣ ሞተርህም ይፈላል።» እውነታቸውን ነው፣ ሐረጎ ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የሚያወጣው ዳገት ነው። የ2286 ሲሲው ቤንዚን ሞተር ጉልበቱ ያን ያህል አይደለም። አፋር ሜዳ ላይ ለሚነዳ ሰው ሌላ ምክር ይሰጡት ይሆናል። ለኔ ግን ከጎናቸው ከተቀመጠ ረጅም ሲሪስ ላይ የፊቱን 4.7 አወጡልኝ። ለምን የፊቱን? ምክንያቱም የረጅሙ የኋላ አክስል ብዙ ጊዜ ሳልስበሪ የሚባለው ነው፣ ወፍራም ነው፣ ጠንካራ ነው፣ ዲፈረንሻሉ ግን ከአጭሩ ጋር አይቀያየርም። የፊቱ ግን ያው የሮቨሩ ነው፣ አጭሩ ላይ ከፊትም ከኋላም ይገባል። ይህን የሚያውቅ መካኒክ ወሎ ውስጥ ሌላ አላገኘሁም።

ፍሬን ላይም እንደዚሁ ናቸው። ከደሴ ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ በዚያች አጭር መንገድ ከ2500 ሜትር አካባቢ ወደ 1850 ሜትር አካባቢ ትወርዳለህ። ሐረጎን ያወቀ ያውቀዋል። አጭሩ ላንድሮቨር የፊት ፍሬኑ 10 ኢንች ታምቡር ነው፣ የረጅሙ 11 ኢንች ነው፣ ሁለቱም ሸራዎች በየራሳቸው ፖምፓ የሚገፉ። የረጅሙን የፊት ፍሬን ከነሳህኑ አንሥቶ አጭሩ ላይ ማሰር ይቻላል፣ ቡሎኖቹ ይገጥማሉ፣ ፋብሪካው ራሱም ከ1980 ጀምሮ አጭሩን 11 ኢንች አድርጎታል። ግን የጎማው ፖምፓዎች ሲተልቁ ፔዳሉ ጋ ያለው የላይኛው ፖምፓ የሚልከው ዘይት አይበቃቸውም፣ ፔዳሉ ወደ ታች ይሰምጣል፣ ሰው ደግሞ አየር የገባ መስሎት ሲያስወጣ ይውላል። ጋሼ የላይኛውን ፖምፓ አብረው ካልቀየሩ ሥራውን አይጀምሩም። አንድ ደንበኛ «ለጊዜው ይሁን፣ ፖምፓውን በኋላ አመጣለሁ» ሲላቸው ሰምቻለሁ። የመኪናውን ቁልፍ መለሱለት። አልተቆጡም፣ አልተከራከሩም፣ «አብሽር፣ እቃው ሲመጣ ና» ብቻ ነው ያሉት።

ኤሌክትሪክ አጭር ነገር ነው ግን ብዙ ገንዘብ ያቃጥላል። እስከ 1967 አካባቢ የተሠሩት 2ኤዎች ሻንሲው ላይ የሚታሰረው የባትሪው ፖዘቲቭ ነው። ከዚያ በኋላ ኔጌቲቭ ሆነ። ሲሪስ 3 በድሮው ዲናሞ ፋንታ አልተርኔተር አለው፣ ሁሉም ሰው ይፈልገዋል ምክንያቱም ሞተሩ ቀስ ብሎ ሲሠራም ይሞላል። ያንን አውጥተህ ፖዘቲቩ ሻንሲ ላይ የታሰረ መኪና ላይ ካስገባኸው ወዲያው ይቃጠላል። መጀመሪያ አስተሳሰሩ መገልበጥ አለበት። ወታደር ቤት የነበሩት መኪኖች ውስጥ ደግሞ ለሬዲዮ ተብለው በ24 ቮልት የተሠሩ አሉ፣ እነሱ ላይ የተራው መኪና አምፑልም ሞተሪኖም አይሆንም። ጋሼ ሁልጊዜ በመለኪያ ሳያዩ ሽቦ አይነኩም።

ካርቡሬተር። የብዙዎቹ 2ኤዎች ዜኒት ነው። ይሄ ካርቡሬተር አንድ የታወቀ በሽታ አለው፣ ክዳኑ በሙቀት ይጣመማል፣ ነዳጅ በጎን ይሾልካል፣ ሞተሩ ቀስ ብሎ መሥራት ይሳነዋል። ብዙ ጋራዥ አውጥቶ ይጥለውና ቻይና ሠራሽ ያስገባልሃል። እዚህ ግን ወፍራም መስታወት ላይ ቀጭን ብርጭቆ ወረቀት አንጥፈው ክዳኑን ቀስ እያሉ እስኪስተካከል ያሹታል። ከሥራው ጊዜ የሚወስደው ይሄ ነው። ከዚያ ማስተካከሉ አለ። ኮምቦልቻ ላይ በልኩ የተስተካከለ ሞተር ደሴ ሲወጣ አየሩ ስለሚሳሳ ነዳጁ ይበዛበታል፣ ጥቁር ጭስ ያወጣል፣ ካንዴላው ይጠቁራል። ለዚህ ነው «የምታድረው የት ነው» የሚሉት። ለደሴ ሰው ነዳጁን ትንሽ ቀንሰው ይሰጡታል፣ ቤት ስትደርስ አንድ ሳምንት ነድተህ ካንዴላውን አውጥተህ እንድታየው ይነግሩሃል፣ የብስኩት ቀለም ካለው ትክክል ነው።

ሞተሩን በሚመለከት አንድ ነገር ብቻ ልበል። በ1980 የ2286ቱ ሞተር ክራንክሻፍት ከሦስት መቀመጫ ወደ አምስት መቀመጫ ተቀየረ። ከውጭ አይታይም። ስለዚህ ክራንክሻፍት ወይም ብሮንዚን (ክራንክሻፍቱ የሚዞርበትን መሸከሚያ) ስትገዙ ሞተራችሁ የትኛው እንደሆነ ሳታውቁ ገንዘብ አታውጡ። ነጋዴው አያውቅም፣ ቢያውቅም አይነግራችሁም።

ቡሎንም ቀላል ነገር አይምሰላችሁ። አሮጌዎቹ የእንግሊዝ ጥርስ ናቸው፣ ቀስ በቀስ ሌላ የኢንች ጥርስ መጣ፣ በመጨረሻ ሚሊሜትር። ቸርኬው ራሱ ከሲሪስ እስከ ዲፌንደር ይቀያየራል፣ አምስት ቀዳዳ ነው፣ ርቀቱም አንድ ነው። ነገር ግን የጎማው ቡሎን ድሮ 9/16 ኢንች ነበር፣ ከ1980 አካባቢ ጀምሮ 16 ሚሊሜትር ሆነ። የአንዱን ዳዶ በሌላው ላይ ማሰር ማለት ጎማው መንገድ ላይ ይውጣ ማለት ነው። ጋሼ ጋ ዳዶዎቹ በየጣሳው ተለይተው ተቀምጠዋል፣ ልጆቹ ሳይጠይቁ ከጣሳው አያነሡም።

በርና ኮፋኖ ላይ ብዙም አይጨነቁም። አካሉ አሉሚኒየም ነው፣ በቡሎን ነው የተያያዘው፣ ከ2 እስከ 3 በሩ ያለ ብዙ ጣጣ ይገባል። የሚበሰብሰው ሻንሲው ነው። እዚህ ላይ ግን አስተያየት አለኝ። ቀለምና ብየዳ የሚሠራላቸው ልጅ ቸኩሎ ነው የሚጨርሰው፣ ሻንሲው ላይ ዝገቱን በደንብ ሳይፍቅ ነው የሚበይደው። ብየዳ ካላችሁ ቁማችሁ አሠሩ፣ ወይም ደሴ የምታምኑት በያጅ ካለ እዚያ አስጨርሳችሁ ውሰዱት።

በጣም የወደድኩት ነገር የወጣውን እቃ መመለሳቸው ነው። ሌላ ቦታ የወጣው እቃ ደብዛው ይጠፋል፣ ከዚያ በወሩ ሌላ ሰው መኪና ላይ ታየዋለህ። እዚህ በሽቦ ታስሮ፣ ከየት እንደወጣ በኖራ ተጽፎበት፣ በማዳበሪያ ከረጢት ይሰጥሃል። የኔ የድሮው ካምቢዮ ቤቴ አለ። ጋሼም «አትሽጠው» ብለውኛል። እኔም እስማማለሁ። መኪናዋ አንድ ቀን ወደ ድሮዋ መመለስ ብትፈልግ መመለስ መቻል አለባት። የሚበየድና የሚቆረጥ ለውጥ የማይወዱትም ለዚህ ነው። ሞተሩን አውጥቶ የሌላ መኪና ናፍጣ ሞተር ማስገባት ለሚፈልግ ሰው ሥራውን አይቀበሉም። ይህን እንደ ግትርነት የሚያዩባቸው አሉ። እኔ ግን የቀሩት መኪኖች ጥቂት ስለሆኑ እንደዚህ ያለ ሰው ያስፈልገናል ባይ ነኝ።

ቅሬታም አለኝ። ስልክ አያነሡም፣ ሥራ ላይ ከሆኑ ጭራሽ። «ማክሰኞ ይደርሳል» ካሉ ማክሰኞ አትሂዱ፣ ከማክሰኞ በኋላ ደውላችሁ ልጆቹን አግኙ። ደረሰኝ የለም፣ ለመሥሪያ ቤት መኪና አይመችም። ዓርብ ከጁምዓ ሰዓት ጀምሮ ዝግ ነው፣ ከሰዓት የሚከፈትበት ጊዜ አለ፣ የማይከፈትበትም አለ። ክረምት ላይ ግቢው ጭቃ ነው፣ ጣሪያ ያለው ቦታ ለሁለት መኪና ብቻ ስለሚበቃ ሐምሌና ነሐሴ ትልቅ ሥራ ይዛችሁ ባትሄዱ ይሻላል። መኪናችሁ እዚያ የሚያድር ከሆነም ውስጧ እቃ አትተዉ። እኔ የጠፋብኝ ነገር የለም ግን የግቢው በር እንደልቡ ክፍት ነው።

ዋጋ አልጽፍም፣ የእቃው በየወሩ ስለሚቀያየር ያሳስታችኋል። የእጃቸው ዋጋ ግን አዲስ አበባ ከጠየቁኝ በጣም ያነሰ ነው፣ ክርክርም አያስፈልገውም። ቀድመው ይናገራሉ፣ በመሐል አይጨምሩም። እቃ ራሳችሁ ብታመጡ አይከፋቸውም፣ የማይገጥም ከሆነ ግን «አይሆንም» ብለው ሊመልሱላችሁ ይችላሉ። ስለዚህ ከመግዛታችሁ በፊት ፎቶ አንሥታችሁ ለልጃቸው በቴሌግራም ላኩ፣ እሱ ያሳያቸዋል፣ መልሱ በዚያው ቀን ይመጣል።

ኮምፒውተር ያለው ዲፌንደር ወይም ዲስከቨሪ ካላችሁ አትልፉ፣ አይነኩትም። ለሲሪስ 2፣ 2ኤ እና 3 ነው የምለው። ቤታችሁ ጓሮ የወደቀ የፊት አክስል ወይም የ2ኤ ካምቢዮ ካለም ለቁርጥራጭ ብረት ነጋዴ አትስጡት። ጋሼ ይገዛሉ፣ አሁን ደግሞ በተለይ የረጅሙን የፊት አክስል እየፈለጉ ነው።